ለእትዬ ያልነገርኳቸው ቁልፍ

በሐዋሳ የጎልማሶች ትምህርት ክፍል ታይፒስት ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት አንዱን የማሠልጠኛ ጽሑፍ ስንት ጊዜ በማባዣ ስቴንስል እንደመታሁት አላውቅም። ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ባለሙያ በየክረምቱ አንዲት ዐረፍተ ነገር ይለውጥና «እስቲ እንደገና» ብሎ ይመልስልኛል። እኔም ውስጤ እየተንጨረጨረ እንደገና እመታለሁ። ጎልማሳ ባዶ ዕቃ አይደለም፤ ጎልማሳ ለምን እንደሚማር ማወቅ ይፈልጋል፤ ጎልማሳ የሚይዘው ለዛሬ ሥራው የሚጠቅመውን ነው፤ ጎልማሳ ከመሰሎቹ ይማራል። ጣቶቼ ሁሉንም በቃላቸው ያውቁታል፣ እኔ ግን አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም። ታይፒስት የሚያየው ፊደል ነው።

የመዋቅር ለውጥ ወሬ ቢሮውን ሁሉ ባመሰበት ሰሞን፣ ከግምገማ ወጥተን ስብሰባ ስንገባ፣ ከስብሰባ ወጥተን ግምገማ ስንገባ፣ ወደ ክፍላችን አንድ ኮምፒዩተር መጣ። ሁለት ታይፒስቶች ነበርን። የአስተዳደር ኃላፊው በራችን ላይ ቆሞ በአዲሱ ድልድል የሚኖረው አንድ የጸሐፊ ቦታ ብቻ መሆኑን ነገረን። ከሦስት ሳምንት በኋላ በኮምፒዩተር እንፈተናለን፤ ያለፈችው ትቀመጣለች፣ የወደቀችው ወደ መዝገብ ቤት ትወርዳለች። ይህን ብሎ ሄደ።

ሌላዋ ታይፒስት በዕድሜ በጣም ይበልጡኝ ነበር። እትዬ እላቸዋለሁ። ገና በተቀጠርኩ ሰሞን ካርቦኑን ገልብጬ አስገብቼ አንድ አስቸኳይ ደብዳቤ በራሱ ጀርባ ላይ ስመታ፣ ማንም ሳያይ ወረቀቱን ቀደው ጥለው ራሳቸው እንደ አዲስ የጻፉልኝ እሳቸው ናቸው። ሳይጮኹ፣ መዝሙራቸውን በለሆሳስ እያዜሙ። ሥራውን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው።

እኔ ግን እንደ እሳቸው ረጋ ያልኩ ሰው አይደለሁም። ኃላፊው በነገረን ማግስት ባህል አዳራሽ አካባቢ ወዳለ የኮምፒዩተር ማሠልጠኛ ሮጥኩ። መምህሩ ሦስት ቀን ሙሉ «ኮምፒዩተር ማለት» እያለ በደብተር አስገለበጠን። ቁልፍ የሚባል ነገር አልነካንም። በሦስተኛው ቀን ደብተሬን አጥፌ ወጣሁ። ወደ ሰፈሬ ወደ ታቦር ስወጣ፣ ባጃጅ መጠበቅ እንኳ አቅቶኝ በእግሬ እየገሰገስኩ፣ ጎልማሳ የሚይዘው ለዛሬ ሥራው የሚጠቅመውን ነው የምትለዋ መስመር ድንገት ትዝ አለችኝ። መንገድ ላይ ቆሜ ሳቅሁ። ለስንቱ ሰው ያባዛሁትን ነገር ያን ቀን ገና ማንበቤ ነበር።

ከዚያ በኋላ ራሴን በዚያ ጽሑፍ ለማስተማር ወሰንኩ። ኮምፒዩተሩን ጠዋት እትዬ፣ በምሳ ሰዓት እኔ እንድንለማመድበት ተስማምተን ነበር። እኔ መለማመጃ የሚባል ነገር ትቼ በዕለቱ መውጣት ያለበትን ደብዳቤ ይዤ እቀመጣለሁ። ጽሑፉ የጎልማሳ ልምድ ሀብት ነው ይላል። እኔን ልምዴ አሠቃየኝ። በጽሕፈት መኪናው ሳላይ የምመታው ሰው፣ «ሰ»ን ለመጻፍ የእንግሊዝኛውን ኤስ በአንድ ጣት ሳስስ እውላለሁ። ጣቶቼ እንደ እልኸኛ በሬ ወደ ለመዱት ትልም ይጎትቱኛል። እጄን በጥፊ የመታሁበትም ቀን አለ።

ከሁሉ የባሰው ሌላ ነበር። በጽሕፈት መኪና መስመሩ ሊያልቅ ሲል ደወል ይሰማል፤ ዘንጉን በግራ እጅ ገፍተን አዲስ መስመር እንጀምራለን። ኮምፒዩተሩ ደወል የለውም። ስለዚህ ሁለታችንም በየመስመሩ ጫፍ ዓይናችንን እያፈጠጥን ኢንተር የሚባለውን ቁልፍ እንመታለን። ደብዳቤው ሲያልቅ ያምራል። ባለሙያው መጥቶ መሃል ላይ «በተጨማሪም» የምትል ቃል ሲያስገባ ግን መስመሩ ሁሉ ይበታተናል፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ሁለት ቃል ብቻ ይሆናል። ማሽኑ የተበላሸ መስሎን ነበር።

ፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ተናድጄ በችኮላ ከረቂቁ ላይ ዓይኔን ሳላነሳ ስጽፍ ኢንተር መምታቱን ረሳሁት። ቀና ስል መስመሩ ራሱ ወርዷል። ደግሜ ሞከርኩ፤ አሁንም ራሱ ወረደ። መሃል ላይ አንድ ቃል ጨመርኩ፤ የቀረው ሁሉ ቦታ ለቆ በሥርዓት ተደረደረ። ለካ ኢንተር የሚመታው አንቀጽ ሲያልቅ ብቻ ነው።

በማግስቱ እትዬ ወንበራቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነገር አንድ ቃል ስንጨምርበት ለምንድን ነው የሚበተነው? ያንቺ ጽሑፍ አሁንም እንደዚያ ያደርጋል?» አሉኝ።

«ያደርጋል እትዬ» አልኳቸው። «ብልሽት ሳይኖረው አይቀርም።»

ያን ሳምንት ምሳ አልበላልኝ አለ። ወንበር ላይ አልረጋ አልኩ፤ እነሳለሁ፣ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ጎልማሳ ከመሰሎቹ ይማራል የምትለዋ መስመር ያለችበትን ገጽ መሳቢያ ውስጥ ከታች ቀበርኩት። ልናገር እያልኩ አፌን ከፍቼ ሌላ ነገር እጠይቃቸዋለሁ። ፈርቼ ነበር፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም።

በፈተናው ቀን ከሌላ ክፍል ሁለተኛ ኮምፒዩተር አመጡልን፤ የተሰጠንን ደብዳቤ እትዬ ከእኔ በፊት ጨረሱ። አንድ ፊደል አልሳቱም። ከዚያ ኃላፊው ለሁለታችንም ቁራጭ ወረቀት ሰጠን፤ መሃል ላይ የሚገባ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር። የእኔ ገባ። የእሳቸው ገጽ ተበተነ። መስመሮቹን አንድ በአንድ ሊሰበስቡ ሲሞክሩ ሰዓቱ አለቀ። እኔ ቀረሁ፣ እሳቸው መዝገብ ቤት ወረዱ።

ወር ሳይሞላ በምሳ ሰዓት መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። «እስቲ ሳይበተን ቃል የሚጨመረው እንዴት እንደሆነ አሳይኝ» አሉ። አሳየኋቸው። በሦስት ቀን ውስጥ ከእኔ በልጠው ይጽፉ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ጣታቸውን ከቁልፉ ሳያነሱ፣ «መቼ ነው ይሄን ያወቅሽው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ከፈተናው በኋላ» አልኳቸው።

«እንኳንም አወቅሽው» አሉኝ።

ቆይቶ መዝገብ ቤትም ኮምፒዩተር ሲገባ፣ ሠራተኞቹን እትዬ ሰብስበው ያስተምሩ ነበር፤ የሚጀምሩትም ከኢንተር ነው። እሳቸውን ማን እንዳስተማራቸው ለጠየቀ ሁሉ የእኔን ስም ይጠሩ ነበር።