ለአምስት የተካፈልነው ግጥም

ፖሊሶች እጄን በፕላስቲክ ማሰሪያ አስረው፣ ሲያትል መሀል ከተማ ካለ ሆቴል ደጃፍ አነሱኝ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነው። ሆቴሉ ውስጥ ክፍል አጸዳ ነበር። ሥራ ላይ ወገቧ የተጎዳ ጓደኛችንን አለቆቹ ሲያባርሯት ተቃውመን አስፋልቱ ላይ ተቀመጥን፤ ፖሊሶቹ መጥተው ጫኑን።

የታሰርንበት ክፍል ነጭ ነው፤ በረኪና በረኪና ይሸታል። አምስት ሴቶች ነን። አራታችን የሆቴሉ ሠራተኞች፣ አምስተኛዋ ከብራዚል የመጣች ጥቁር ገጣሚ። ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው ቤት ሠርታለች። ግጥሟን የሚያትምላት ስታጣ ራሷ አባዝታ አውቶቡስ ተራ እየዞረች ሸጠች። ስሟ ከታወቀ በኋላም የቤት ሠራተኞችን ማኅበር አቋቋመች፣ ፊደል አስቆጠረች። ከተማችን ግጥም እንድታነብ ተጋብዛ መጥታ፣ የእኛን ነገር ስትሰማ አጠገባችን ተቀመጠች።

እዚያው ክፍል ውስጥ ግጥም መጣላት። ማታ ለሠራተኞቹ ልታነበው ፈለገች። ደብተርና እስክሪብቶዋን ግን ስንገባ ወስደውባታል።

«ካልጻፍኩት ይጠፋኛል» አለች በተሰባበረ እንግሊዝኛ። የእኔም ያው ስለሆነ ተግባባን።

ትምህርቴን ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ነው። ለቅሶ ቤት ግን አውቃለሁ። አልቃሿ ግጥም ትሰጣለች፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ፤ ወረቀት የያዘች አላየሁም።

«ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ስንኝ ስጪን፤ ይዘንልሽ እንወጣለን» አልኳት።

አንዷ የአገሬ ልጅ ሳቀች። «እማማ፣ እኔ እኮ ባስ ፓሴን፣ የአውቶቡስ ካርዴን፣ የት እንዳስቀመጥኩ እንኳ አላስታውስም!»

«የአማትሽን ስድብ ግን አንድም አልረሳሽም። ከሱ ጎን አስቀምጪው።»

ለእኔ የመጨረሻው ደረሰኝ። በአማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነው፦

ስሜን ያልጠየቁኝ፣ ባጸዳሁት ቤት፣
ዛሬ በገዛ እጄ፣ በሩ ላይ ጻፍኩት።

ከሰዓት በኋላ ጠባቂዋ በሩን ከፈተች። «አሮጊቷ፣ አንቺ ሂጂ» አለች።

«ሌሎቹስ?»

«አንቺን ነው ያልኩት።»

«አብረን ገባን፣ አብረን እንወጣለን። ዕድሜዬን አይተሽ ካዘንሽ ለሁላችንም እዘኚ።»

«ኦኬ፣ እንግዲያው ተቀመጪ!» በሩን ዘጋችው። የሲሚንቶው አግዳሚ ላይ ተመለስኩ። ወገቤ እያመመኝ ስንኜን ደጋገምኩ። ሊመሽ ሲል አምስታችንንም ለቀቁን።

በቀጥታ ሆቴሉ ደጃፍ ሄድን። ሠራተኛው ሁሉ ይጠብቀን ነበር። ገጣሚዋ ጀመረች፣ እኛ በተራ ቀጠልን። ያቺ ባስ ፓስ የሚጠፋባት ልጅ አንድ ቃል አልሳተችም፤ አማቷን ይባርክ። የእኔን ስል ሰዉ ተቀበለኝ፤ ደግሜ አልኩት፣ ደግሞ ተቀበለኝ። የሆቴሉ መስኮቶች አንድ በአንድ ተከፈቱ። በሳምንቱ ጓደኛችን ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከዓመታት በኋላ የገጣሚዋ መጽሐፍ በፖስታ መጣልኝ። ከግጥሙ ሥር «አምስት ሴቶች ይዘውት የወጡ» ይላል። በቀደም የልጅ ልጄ አየችውና፣ «አያቴ፣ ሪሊ ታስረሽ ነበር? እስቲ ግጥሙን በይልኝ» አለችኝ።

የእኔን ስንኝ አልኩላት። ቀሪውን ከመጽሐፉ እንድታነብ ነገርኳት። የሰው ድርሻ አልነካም።