«ኤቮራን እንደ መዳፌ ነው የማውቃት»

እናቴና ጎረቤታችን የተዋወቁት በጎመን ምክንያት ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ፓርክዴል በሚባል ሰፈር በተከራየነው ቤት ጓሮ እናቴ ጎመን ዘርታለች። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ፖርቱጋላዊቷ ጎረቤታችን የሰው ቁመት ያለው ጎመን አብቅለው በእንጨት ደግፈውታል። እናቴ ያየችው ቀን «ይሄ ጎመን ነው ዛፍ?» ብላ በአማርኛ ጠየቀች። እሳቸው በፖርቱጋልኛ መለሱላት። ምን እንዳሏት እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት አጥሩን ተደግፈው ማውራት ሆነ ሥራቸው። ሁለቱም ባላቸውን ቀብረዋል፣ ሁለቱንም ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እንግሊዝኛቸው ከሐኪም ቀጠሮና ከአውቶብስ አያልፍም፤ ለሐሜት ግን ሲበቃ አይቻለሁ።

የጎረቤታችን ወሬ ከየትም ቢነሳ ማረፊያው ኤቮራ ነው። ኤቮራ ከባሕር የራቀች፣ በግንብ የታጠረች ጥንታዊት የፖርቱጋል ከተማ ናት። ተወልደው ያደጉት እዚያ ነው። በሃያ ዓመታቸው ከወጡ ወዲህ ግን አላዩዋትም። ባላቸው የፖርቱጋል ደሴት ሰው ስለነበሩ፣ እረፍት በመጣ ቁጥር አንድ ወንድ ልጃቸውን ይዘው የሚሄዱት ወደ ባላቸው አገር ነበር።

አንድ ጠዋት አጥሩ ጋ ጠሩኝና፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው፣ «እናትሽን ኤቮራ ልወስዳት ነው። አንቺም ነይ፤ አስተርጓሚ ያስፈልገናል» አሉኝ።

«እኔ እኮ ፖርቱጋልኛ አልችልም።»

«የእናትሽን ቋንቋ ትችያለሽ። የኔን ለኔ ተይው።»

እኔ የራሴንና የእናቴን ቲኬት ቡክ አደረግኩ። እሳቸው የራሳቸውን ሰፈር ካለ የጉዞ ወኪል ገዙ። ካርታ ስልኬ ላይ ልጫን ስላቸው ተቆጡኝ። «ኤቮራን እንደ መዳፌ ነው የማውቃት!»

በገባን ማግስት ጠፋን።

የኤቮራ ቤቶች ነጭ ሆነው ከሥር ቢጫ መቀነት የታጠቁ ናቸው። መንገዶቹ ጠባብና ጠመዝማዛ ስለሆኑ አንዱን ካንዱ መለየት ጭንቅ ነው። ጎረቤታችን ከፊት እየመሩ፣ «በዚህ! አይ፣ በዚያ!» ይላሉ። ሮማውያን የሠሩት፣ ዓምዱ ቆሞ ጣራው የሌለ ቤተ መቅደስ ፊት ስንደርስ እናቴ ቆመች።

«እነዚህን ምሰሶዎች ስናይ ሦስተኛችን ነው» አለች።

«ሁለተኛችን ነው» አሉ ጎረቤታችን፣ ላባቸውን እየጠረጉ። መጥፋታችን እንዳይታወቅ ይመስለኛል፣ ወዲያው ታሪኩን ማስረዳት ጀመሩ። ቤተ መቅደሱ ከሮማውያን በኋላ ብዙ ዘመን ከብት የሚታረድበት ሥጋ ቤት ሆኖ ነበር። እኔ ተርጉሜ ስነግራት እናቴ ፊቷ በራ። የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናት፤ ጣዖት የሚባል ነገር አትወድም።

«ተባረኩ፣ ደግ አደረጉ! ጣዖት ከሚመለክበት ቁርጥ ቢሸጥበት ይሻላል።»

ጎረቤታችን በመጨረሻ ተሸነፉና አንድ ወጣት አስተናጋጅ አስቁመው በፖርቱጋልኛ መንገድ ጠየቁት። ልጁ በትሕትና አዳምጦ በእንግሊዝኛ መለሰላቸው። እንደገና በፖርቱጋልኛ ጠየቁት፤ እንደገና በእንግሊዝኛ መለሰ።

«ፖርቱጋልኛዬ ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ ልጁ ሲሄድ።

በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ፓርኪንግ» እና «ሰብዌይ» ሲሉ እኔም ሰምቻለሁ። እኛም «ኮል አደርግልሻለሁ» የምንል ሰዎች ስለሆንን፣ «ልጁ እንግሊዝኛውን ሊያሳይ ፈልጎ ነው» አልኳቸው።

ልጁ ባሳየን መንገድ የደረስነው የአጥንት ጸሎት ቤት የሚሉት ጋ ነው። ግድግዳውም ዓምዱም በሰው አጥንትና ራስ ቅል ተለብጧል። በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጎረቤታችን አነበቡልን፤ «እኛ እዚህ ያለን አጥንቶች የእናንተን እንጠብቃለን» ይላል።

«እንዳትጠብቁን!» አለች እናቴ ጮክ ብላ። «በኢየሱስ ስም!»

ጎብኚው ሁሉ ዞሮ አየን። እሷ ግን እዚያው ቆማ ራስ ቅሎቹን ስታይ ቆየችና ድምፅዋ ለሰለሰ። «ምስኪኖች። ማን የማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም።»

«ቢሆንም አገራቸው ላይ ናቸው» አሉ ጎረቤታችን ቀስ ብለው።

ከዚያ ወጥተን ጥላ ሥር አግዳሚ ላይ እንደተቀመጥን ነው የነገሩን። ቲኬታቸው መሄጃ ብቻ ነው። ኤቮራ ሊቀሩ ነው የመጡት። «ዋን ዌይ» የሚለውን ለእናቴ መተርጎም አላስፈለገኝም።

«ልጅሽ ያውቃል?» አለች።

«አያውቅም። ቢያውቅ አይለቀኝም።»

ይጣላሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። «እንግዲያው ቤትሽን አሳዪን። የት እንደምትኖሪ ልየው።»

የተወለዱበትን ቤት እንኳ አልሳቱትም። ከተማው ዳር በትልልቅ ቅስቶች ላይ የተዘረጋ፣ ለከተማው ውኃ ያመጣ የነበረ የድሮ ቦይ አለ፤ ሰዎች ከቅስቶቹ ሥር ቤት ሠርተው ይኖራሉ። እናቴ የፍቼ ልጅ ናት፤ ቀና ብላ አየችውና፣ «ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያለውን ድልድይ ፖርቱጋሎች ሠሩት ይባላል። እዚህ ተለማምደው ነዋ የመጡት!» አለች። ጎረቤታችን ግን አልሰሟትም። አንድ ሰማያዊ በር ፊት ቆመዋል።

ቤቱ የእንግዳ ማረፊያ ሆኗል። ቁምጣ የለበሱ ወጣት ባልና ሚስት ከፈቱልን። ቱሪስቶች ናቸው። ጎረቤታችን በእንግሊዝኛ «እዚህ ነው የተወለድኩት» ሲሏቸው፣ ልጆቹ ሻንጣቸውን ከመንገድ ገፍተው አስገቡን። ውስጡ አንድ ክፍል ነው፤ ነጭ አልጋ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ የእናታቸው ማድቤት በነበረበት ቦታ የመስታወት ሻወር።

ጎረቤታችን ሻወሩን አዩ፣ አልጋውን አዩ፣ ከዚያ ሳቅ ጀመራቸው። «ስምንት ነበርን! እዚህች ውስጥ ስምንት ሆነን ነው የምንተኛው!» ሲሉ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ። እናቴ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ስታይ አንድ መፍትሔ ብቻ ነው የምታውቀው። እጇን ትከሻቸው ላይ ጭና ጸሎት ጀመረች፤ በአማርኛ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ቤቱን፣ ስምንቱን፣ ሻወሩን ሳይቀር እየባረከች። ወጣቶቹ ደንግጠው አንገታቸውን ደፉ። ሲያበቃ ባልየው ቀድሞን «አሜን» አለ።

ሁለት ቀን ስለ ቲኬቱ ማንም አላነሳም። በሦስተኛው ቀን የካቴድራሉ ጣራ ላይ ወጣን። ደረጃው ጠመዝማዛ ስለሆነ ሁለቱንም ከኋላ እየገፋሁ ነው ያደረስኳቸው። ከላይ ከተማው፣ ከግንቡ ውጪ ደግሞ እስከ ሰማይ ጠርዝ የተኛ ቢጫ ሜዳ ይታያል። ጎረቤታችን ረጅም ሰዓት አዩ።

«ደህና ናት» አሉ። «እኔ ሳልኖር ደህና ነው የኖረችው።»

እናቴ ወደኔ ዞረች። «ተርጉሚልኝ። እዚህ ከቀረሽ እኔ ከማን ጋር ነው የምጨቃጨቀው በያት።»

ተረጎምኩ። ጎረቤታችን አፍንጫቸውን ተናፈጡና፣ «ልጄ፣ ቲኬት ቡክ አድርጊልኝ። መስኮት በኩል ይሁን» አሉኝ።

ቶሮንቶ ስንገባ ልጃቸው ሊቀበለን አየር ማረፊያ መጥቶ ነበር። ሁላችንን አቀፈና ትልቁን ሻንጣ ሊያነሳ ሲል ወገቡን ያዘ።

«እማዬ፣ ምን ጭነሽ ነው? በሰኔ ሙቀት፣ ለዐሥር ቀን?»

«ካፖርቴ ነው» አሉ፣ ሳያስቡት። «የበረዶ ጫማዬም አለበት።»

ልጅየው ሻንጣውን መልሶ አስቀመጠና እናቱን አያቸው፤ ከዚያ እኔን። እናቴ እንግሊዝኛ እንደማታውቅ ሆና ጣራ ጣራውን ታያለች። ልጁ ሻንጣውን በሁለት እጁ ብድግ አድርጎ ተሸከመና ክርኑን ዘርግቶ፣ «ያዢኝ» ብሎ እናቱን ወደ መኪናው መራቸው።