ቅቤ የነካው ነጭ ሰሌዳ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሮቤ ድረስ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ሌሎቹን ሳተላይቶች የሚያርም አንድ እጅግ ትክክለኛ መሣሪያ ወደ ህዋ ሊላክ ነው አለችኝ። እዚያው ላይ ሆነው ከሱ ጋር እየተመሳከሩ ስህተታቸውን ያስተካክላሉ። ደስ ይላል አልኳት። ከዚያ ግን ቁጭ ማለት አቃተኝ፤ ግቢውን ስዞር ዋልኩ።

ወጣት ሳለሁ ያን ሥራ የምንሠራው በእግራችን ነበር። ሳተላይቱ ያየውን እርሻ በብርሃን መለኪያ መልሼ እለካለሁ። መጀመሪያ አንድ ነጭ ሰሌዳ፣ ቀጥሎ ስንዴውን፤ ስንዴው የሚመዘነው በሰሌዳው ንጣት ነው። አለቃዬ ሰሌዳውን ከዓይንህ ብሌን ለይተህ አትየው ይለኝ ነበር።

አንድ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ቆመ። ሳተላይቱ ግን ከጎሮ ወዲያ ያለው ስንዴ ደህና ነው አለ። ደህና ከተባለ ደግሞ የዘር እርዳታ የለም። አቧራ ስቅም ውዬ ኦቦ ከድር የሚባሉ ሽማግሌ እርሻ ደረስኩ። አንድ ዛላ ቀጥፌ በመዳፌ አሸሁት፤ ገለባ ብቻ።

ሳትቀምስ አትለካም ብለው ጩኮ አቀረቡልኝ፤ በቅቤ የራሰ የገብስ ዱቄት። መኪና እንዳያመልጠኝ ቸኩያለሁ። በእጄ እየጠቀለልኩ ዋጥ ዋጥ አደረግሁና፣ እጄን ሱሪዬ ላይ ጠርጌ ሰሌዳውን ዘረጋሁ። ልኬቱ ከሳተላይቱ ጋር ልክክ አለ።

"ምን ይላል?" አሉኝ።

"ደህና ነው ይላል፣ ኦቦ።"

እርሻቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። "አንተስ ምን ትላለህ?"

ሰሌዳውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ማሽን ይዤ ምን ልበል?

ሮቤ ገብቼ ልኬቱን አስረከብኩ። በማግስቱ ቦርሳዬን ስፈታ የሰሌዳው መሐል በጣቶቼ ቅቤ ወዝቶ፣ አቧራ ጠጥቶ ጠቁሯል። ጉድ ፈላ። ሰሌዳው ሲጠቁር ስንዴው ከእውነቱ በላይ ይደምቃል፤ ደህና ይመስላል። ሳተላይቱን ማረም የነበረብኝ ሰውዬ አብሬው ተሳሳትኩ። ወደ አለቃዬ ሮጥኩ፤ ሪፖርቱ ማለዳ ሄዷል። ሌላ ሰሌዳ ይዤ በጭነት መኪና ተመለስኩና እንደገና ለካሁ። እርማቱ ሲደርስ ግን የተረጂዎቹ ዝርዝር ተዘግቶ ነበር።

ለኦቦ ከድር ሁሉንም ተናዘዝኩ። አልተቆጡም። "ዓይንህ እኮ ደህና ነበር" አሉኝ ብቻ። በዓመቱ በዚያ ሳልፍ በሬዎቻቸው አልነበሩም፤ ዘር ለመግዛት ሸጠዋቸዋል።

የእህቴን ልጅ ስሸኝ፣ እዚያ ላይ እንኳ ቅቤ የነካው እጅ የለም አልኳት። ሳቀች። መኪናዋ ከሄደች በኋላ ከመንገዱ ዳር አንድ የስንዴ ዛላ ቀጥፌ አሸሁ። ፍሬው ሞልቶ መዳፌ ላይ ቀረ። ያኔም በዚህ እጄ አሽቼ ነበር። ገለባ መሆኑን አውቅ ነበር።