የአስታራቂው አንደበት

ከልጅነቴ ጀምሮ እንተባተባለሁ። በአማርኛም በዕብራይስጥም ያው ነው፤ ቃሉ ከንፈሬ ላይ ተጣብቆ ይቀርና ሌላ ሰው ይጨርስልኛል። የጨረሰልኝም ደግ የሠራ ይመስለዋል። አባቴ ደግሞ በምንኖርበት የእስራኤል ሰፈር፣ በጊቫት ኦልጋ፣ የተጣላ ሁሉ የሚፈልጋቸው አስታራቂ ናቸው።

ስለዚህ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር የኢንተርኔት ጨዋታ ስጀምር ምን መሆን እንደምፈልግ አልጠፋኝም። እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ እንፈጥርና የተሰጠንን ነጥብ ለጉልበቱ፣ ለብልሃቱ፣ ለአንደበቱ እናከፋፍላለን። ዓርብ ከሰዓት፣ ሰንበት ሳይገባ፣ በየቤታችን ኮምፒውተር ከፍተን በድምፅ እየተነጋገርን ታሪኩን እንጫወታለን። አጠራጣሪ ነገር ሲመጣ ኩቢያ፣ ማለትም በየገጹ ቁጥር ያለበት ዳይስ፣ በኮምፒውተሩ ላይ ይጣላል፤ የወጣው ቁጥር ከነጥባችን ጋር ተደምሮ መሳካት አለመሳካቱን ይወስናል። እኔ ሽማግሌ ፈጠርኩና ነጥቤን ሁሉ አንደበቱ ላይ አፈሰስኩት።

አንድ ቀን በጨዋታው ውስጥ አንድ የጦር አለቃ በወንዝ ውሃ ሰበብ መንደር ሊያቃጥል መጣ። ታሪኩን እየተረከ ጨዋታውን የሚመራው ከጎረቤት ሰፈር፣ ከነቬ ሐይም፣ የሆነ ባልደረባችን ነበር። ሽማግሌዬ አለቃውን የሚለምንበትን ንግግር መጀመሪያ በራሴ አፍ እንዳሰማ፣ ካላማረ ከነጥቤ እንደሚቀንስ ነገረኝ። ጀመርኩ፤ ወዲያው ተያዝኩ። ሰይፈኛውን የሚጫወተው ባልደረባችን ጨረሰልኝ። ነጥቤ ተቀነሰ፣ መንደሩም ተቃጠለ።

ነገሩ ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ሰነበተ። በሚቀጥለው ዓርብ ገና ሳንጀምር የምናገረው አለኝ አልኩ። ቃሉ ሲጣበቅ እስኪላቀቅ ጠበቅኩት፤ ሊጨርሱልኝ ሲሉም አስቆምኳቸው።

«ሰይፈኛችን ወገቡን ስለሚያመው ከባድ ነገር አያነሳም» አልኩ። «ግን ሰይፍ አንስተህ አሳየን ያለው የለም፤ ጉልበቱ ከነጥቡ ነው። ታዲያ የእኔ ሽማግሌ አንደበት ለምን ከእኔ ምላስ ይፈለጋል?»

ሰይፈኛው ራሱ ሳቀና እውነቷን ነው አለ። መሪው ግን እንዲህ ከሆነ ለተጫዋቹ ምን ሥራ ይቀራል ብሎ ጠየቀኝ። ሐሳቡን የማመጣው እኔ ነኝ፣ አሳምሮ የሚናገረው ሽማግሌው ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና ልክ ነሽ አለ፤ ደንቡም በዚያው ተለወጠ።

በሚቀጥለው ዓርብ ጨዋታ አለቃው ወደ ሁለተኛ መንደር ሊዘምት ነበርና ከዚያ በፊት ሐሳብ ማግኘት ነበረብኝ። ሰንበት ከሰዓት በናሓል ሀደራ ወንዝ ዳር ባሕር ዛፍ ሥር ከአባቴ ጋር ስንሄድ፣ የተቆጣ ሰው ሲመጣብዎት በምን ይጀምራሉ አልኳቸው።

«እኔ መች ብዙ እናገራለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። «ምን እንደፈራ እጠይቀዋለሁ። ፍርሃቱን ከነገረኝ ግማሹ ታረቀ።»

ዓርብ ሲደርስ ሽማግሌዬ ማንንም ሳይወቅስ አለቃውን ምን እንደፈራ ይጠይቀዋል አልኩና ኩቢያውን ጣልኩ። ትልቁ ቁጥር ወጣ። መሪው በአለቃው ድምፅ፣ ወገኖቹ ከወንዙ በታች በጥም እያለቁ እንደሆነ ተናገረ። አለቃውና መንደርተኞቹ ውሃው በተራ እንዲጠጣ ተስማሙ፤ ባልደረቦቼም በማይክሮፎኑ ጆሮዬ እስኪደነቁር አጨበጨቡ።

የዕርቁ ምርቃት ብቻ ሲቀር፣ መሪው ሽማግሌው መረቀ ብለሽ እለፊው፣ መናገር የለብሽም አለኝ። መናገር እፈልጋለሁ አልኩት። አባቴ እንደሚመርቁት፣ በአማርኛ፣ በራሴ አፍ መረቅኩ። ውሃው ለሁላችሁ ይብቃ፣ ልጆቻችሁ አብረው ይደጉ አልኩ። ሦስቴ አራቴ ተያዝኩ። ጠበቁኝ። አንድም ሰው አልጨረሰልኝም፤ እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ እኔው ተናገርኩት።