በኑግ ዘይት የታሰሩት ትራምፔቶች

ትራምፔት ያስተማረኝ ሰው የለም። ወጣት ሳለሁ በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ጠጋኝ ነበርሁ። በሠራተኛው ክበብ ግድግዳ ላይ ማንም የማይነካት አንዲት ትራምፔት ተሰቅላ ነበር። ሥራ ስወጣ እሷን ይዤ ወደ ሐይቁ ዳር እወርድና ለጉማሬዎቹ እነፋላቸው ነበር። ጉማሬዎቹ መጀመሪያ ሸሹኝ፣ በኋላ ለመዱኝ፤ ሰውም እንዲሁ ሆነ። ኖታ ማንበብ የተማርሁት ሽፋኑና የመጀመሪያ ገጾቹ ከተቀደዱ መጽሐፍ ነው፤ በጎደሉት ገጾች ላይ የነበረውን ራሴ አስቤ ደረስሁበት። በዚህ አገር ትራምፔት የሚነፋ ሰው ስታገኙ ማን እንዳስተማረው፣ ያንንም ማን እንዳስተማረው ጠይቁ፤ ዞሮ ዞሮ እኔ ዘንድ መድረሱ አይቀርም።

የክልሉ የተማሪዎች ማርሽ ባንድ ሲቋቋም ከየዞኑ ልጆች ተመርጠው ባሕር ዳር መጡ። እኔም ተጠራሁ፤ ዲፕሎማ ስለሌለኝ ግን «ረዳት አሠልጣኝ» ተባልሁ። ማንን እንደምረዳ እስካሁን የነገረኝ የለም። ዋና አሠልጣኟ አዲስ አበባ ሙዚቃ የተማረች ወጣት ናት፤ ከበሮውንና ሰልፉን የምትይዘው እሷ ናት። ጎበዝ ናት፤ ይህን የምለው ለብዙ ሰው አይደለም።

ልጆቹ ጠዋት አጠገባችን ካለው ትምህርት ቤት ይማራሉ፣ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ባለው ሜዳ ይሰለፋሉ፣ ማታ በባንዱ ማደሪያ ይተኛሉ። ድሮ ለትምህርት ቤቶች ውድድር መክፈቻና ለምረቃ ቀን እንነፋ ነበር። አሁን ውድድሩም የለም፣ ምረቃውም ቀዝቅዟል። በግጭቱ ምክንያት በብዙዎቹ ልጆች ወረዳ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ቆይቷል፤ ስለዚህ ለእነሱ ባንዱ ባንድ ብቻ አይደለም፣ የቀረላቸው ትምህርት ቤት እሱ ነው።

በዐቢይ ጾም መካከል ግጭቱ በርትቶ መንገድ ተዘጋ፣ ስልክም ጠፋ። እኔ የምኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ ዘንዘልማ ነው፤ ባጃጅ የሚባል ነገር ለሳምንታት ከበራችን አላለፈም። አሠልጣኟም ከቤቷ አልወጣችም። ማደሪያው ውስጥ የቀሩት መሄጃ ያጡት ልጆች ብቻ ነበሩ። ከእነሱ አንዷ ከአንበሳሜ የመጣችው ልጅ ናት፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ከንፈሯ እንደ ብረት የጠነከረ ትራምፔት ነፊ።

መንገዱ ሲከፈት፣ ስልኩም ሲመለስ፣ እኔና አሠልጣኟ ሮጠን መጣን። ልጅቷ የዕቃ ክፍሉን በር ከፍታ ጠበቀችን፤ ፊቷ በርቷል።

«ጋሼ፣ አንድም የዛገ የለም! ሁሉንም ፈትቼ ዘይት አጠጥቻቸዋለሁ።»

ሽታው ከእሷ ቀድሞ ነገረኝ። የኑግ ዘይት ነው። እናቷ ለጾሟ ብላ በትንሽ ጀሪካን የላከችላትን ዘይት በሙሉ ለትራምፔቶቹ ሰጥታ፣ እሷ ሽሮዋን ያለ ዘይት በልታለች።

የማያውቅ ሰው ይኖራልና ልናገር። ትራምፔት ሦስት ፒስተኖች አሏት። ጣት ሲጫናቸው ይወርዳሉ፣ ጣት ሲለቃቸው ሞላው ገፍቶ ይመልሳቸዋል፤ ዜማው የሚገኘው ከዚህ መውረድና መውጣት ነው። ለእነሱ የሚሆነው ዘይት እንደ ውኃ የቀጠነ ነው። ኑግ ግን ቀጭን ሆኖ ይገባና ሲከርም እንደ ሙጫ ይደርቃል። በዘይት ጠርሙስ አፍ ላይ የሚጋገረውን ቢጫ ነገር በጥፍሩ የፋቀ ሰው ያውቀዋል።

አሠልጣኟ አንዱን ፒስተን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። እያቃሰተ ወረደ።

«ጋሼ፣ ወርዶ ቀረ።»

ሌላውን ሞከረች፤ እሱም ወርዶ ቀረ። ፒስተን ያለው መሣሪያ ሁሉ እንደዚያው ነበር።

«ምን አስበሽ ነው ልጄ?» አልኋት።

«ቤታችን የሚደርቅ ነገር ሁሉ ኑግ ነው የሚቀባው። ጠፍሩም፣ እርፉም፣ የአባቴም ጫማ…» ድምጿ እየሳሳ ሄደ።

«ታዲያ ሽንኩርቱ የት አለ?» አለ ከኋላ አንዱ ከበሮ መቺ። «ትራምፔት ፍትፍት እንብላ!» ልጆቹ ሳቁ፤ ወዲያው «ኑጊት» የሚል ስም አወጡላት። ሳቁ ግን እስከ ማታ አልቆየም፤ ከሰዓት በኋላ ባንዱን ከሚያስተዳድረው የክልሉ ቢሮ ስልክ ተደወለ። አልጋዎቹ ለሌላ ሥልጠና ይፈለጋሉ። ኃላፊው ሐሙስ መጥተው ባንዱን ያያሉ። የሚሠራ ባንድ ከሆነ ይቆያል፤ ካልሆነ ልጆቹ ወደየመጡበት ይሸኛሉ።

ወደየመጡበት! ለአንበሳሜዋ ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። በመንደሯ እኩዮቿ ተድረው አልቀዋል፤ ለእሷም ሽማግሌ ተልኮ አባቷ «ትምህርቷን ትጨርስ» ብሎ መልሷል። ትምህርቷን ሳትጨርስ ከተመለሰች አባቷ የሚለው ነገር የለውም።

እኔ ማሽን የጠገንሁ ሰው ነኝ፤ ብረት እንቢ ብሎኝ አያውቅም። በፈላ ውኃ ሞከርሁ፤ ሙጫው ይለሰልስና ሲቀዘቅዝ ይብሳል። ይህን የሚያሟሟው ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን ነው። ቤንዚን ያኔ በሐይላንድ እየተለካ በድብቅ የሚሸጥበት ጊዜ ነው። ገበያውን ዞርሁት። አንድ የማውቃቸው ሐጂ ከሱቃቸው ጓሮ የመጨረሻዋን የነጭ ጋዝ ጠርሙስ አውጥተው ሰጡኝ። «ለምን ይሆንዎታል?» አሉኝ። «ለልጆች» አልኋቸው፤ ሌላ አልጠየቁኝም። ጠርሙሷ ትንሽ ነበረች፤ በእሷ የተፈቱት ትራምፔቶች ሁለት ናቸው። ሌላዋን በጉጠት ስጎትት ቱቦዋ ተጣመመብኝ። እጄ ውስጥ ብረት ሲበላሽ ያ የመጀመሪያው ነው።

ወደ ማደሪያው ስገባ ልጅቷ ብርድ ልብሷን በገመድ ስታስር አገኘኋት።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ቤቴ። እኔ ከሄድሁ ያጠፋችው ሄዳለች ብለው ሌሎቹን ይተዉአቸዋል።»

«መንገዱ መች ሁነኛ ሆነ?»

«በእግሬ።»

«በእግርሽ ሄደሽ ማንን ልታገቢ?»

ቋጠሮዋን አጠበቀች። ከዚያ «ነጋዴ ነው አሉ» አለችኝ። «የኑግ ነጋዴ።»

ሁለታችንም ሳንፈልግ ሳቅን። ስንጨርስ እሷ አለቀሰች። እኔ ለማልቀስ አርጅቻለሁ፤ «እስከ ሐሙስ ቆዪ፤ ከዚያ እኔው ራሴ እሸኝሻለሁ» ብያት ወጣሁ። ስንት ነፊ ያፈራሁ ሰው፣ አንዲት ልጅ በር ላይ የማቆምበት ቃል አጣሁ።

ሐይቁ ዳር ከደንገሉ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ከታሰሩት ትራምፔቶች አንዷን አነሳሁ። አንዱን ፒስተን ተጭኜ ነፋሁ። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ፒስተኑ አልተመለሰም፤ ድምፁም አልተለወጠም። ሁለተኛውን ጨመርሁበት፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ እዚያው ረጋ። ያኔ ነው የአገራችን እምቢልታ የታወሰኝ። በልጅነቴ ለጥምቀት ታቦት ሲወርድ እምቢልታ ነፊዎች ከፊት ይሄዱ ነበር። እምቢልታ ቀዳዳ የለውም፣ ጣትም አይሠራበትም። አንዱ ሰው የራሱን ድምፅ ነፍቶ ይተዋል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ ሦስተኛው ይመልሳል፤ ዜማው ከሰው ሰው እየዘለለ ይሄዳል። ለብቻው ዜማ ያለው ሰው የለም። የእኛ ቅኝት ደግሞ አምስት ድምፅ ነው። አምስት ድምፅ ከታሰረ ትራምፔት አላወጣም ማለት ነው? እኔ?

አሠልጣኟን ጠራኋት፤ ነገርኋት።

«ጋሼ፣ አብደዋል?»

«አብጃለሁ።»

ትንሽ አሰበች። «በእግር ምት እናስይዛቸው» አለች። «ግራ እግር ሲወርድ እነዚህ፣ ቀኝ ሲወርድ እነዚያ። ሰልፍ እንደሆነ ያውቃሉ።» በኖታ ልጽፈው ብቀመጥ ሐሙስ ያልፍ ነበር፤ እሷ ግን በልጆቹ እግር ላይ ጻፈችው። ጎበዝ ናት ብያለሁ።

ትራምፔቶቹን አንድ በአንድ ለየድምፃቸው አሰርኋቸው። ኑጉ ጠፍንጎ ስለያዛቸው ያስቀመጥኋቸው ቦታ ይረጋሉ። ልጆቹን በአምስት ከፈልናቸው። ከፍተኛዋን ድምፅ የሚችል ከንፈር ያላት ግን የአንበሳሜዋ ልጅ ብቻ ናት፤ እሷ ለብቻዋ ቆመች።

የመጀመሪያው ቀን የጋማ ከብት ገበያ ነበር።

«የእኔን ድምፅ ነፋህብኝ!»

«አንተ ስትተኛ ምን ላድርግ?»

«ኑጊት፣ ንቂ እንጂ! ያንቺን ስንጠብቅ ጾሙ ሊፈታ ነው!»

«አፋችሁን ዝጉና እግራችሁን አዳምጡ!» ትላለች አሠልጣኟ በከበሮ መምቻዋ አየሩን እየቆረጠች። ሲጾሙ የዋሉ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ራሱ ዞሮበት ሣሩ ላይ ተቀመጠ፣ ሌላዋ ከንፈሯ ደማ። የሚመለስ ግን አልነበረም፤ መመለሻው የት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ሐሙስ ኃላፊው ከሾፌራቸው ጋር መጡ። ከሐይቁ ንፋስ ተነስቶ ነበር። ከበሮው ጀመረ፣ ልጆቹ ተራመዱ፣ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ተደናበሩና ዜማው ተበተነ። ኃላፊው ሰዓታቸውን አዩ። እጄን አነሳሁ፤ አዘዝሁ ከማለት ለመንሁ ብል ይቀላል፤ እንደገና ጀመሩ። በዚህኛው ያዘላቸው። ዜማው ከግራው ረድፍ ወደ ቀኙ፣ ከቀኙ ወደ ኋላ ሲዘል፣ መጨረሻው ላይ የልጅቷ ከፍተኛ ድምፅ ሲዘጋው፣ በሕይወቴ ካሠለጠንሁት ሁሉ የሚበልጥ ነበር። በእኔ ነው ያማረው፤ ይህን አልደብቅም።

«መልካም ነው» አሉ ኃላፊው። «አባት፣ ሁሉንም መያዝ አንችልም እንጂ። ጥቂት ጎበዞችን መርጠን እዚሁ ብናቆይስ?»

«የትኛውን ላውጣ?» አልሁ። ወደ አንበሳሜዋ ልጅ ዞርሁና «አንቺ ዝም በይ፤ ሌሎቻችሁ ንፉ» አልሁ። ፊቷ አመድ መሰለ፤ የማወጣት መስሏታል። ነፉ። ዜማው እያንዳንዱ ስንኝ መጨረሻ ላይ እግሩን እንደሳተ ሰው ገደል ይገባል። አንዴ፣ ሁለቴ። በሦስተኛው የጎደለችውን ድምፅ ኃላፊው ራሳቸው በአፍንጫቸው እምም ብለው ሞሏት።

«ሰሙ?» አልኋቸው።

«ምኑን?»

«አሁን ያዜሙትን። እሱን ነው አውጣ የሚሉኝ።»

ሾፌራቸው ሳቁ አመለጠው። ኃላፊው ፊታቸውን ወደ ውኃው መለሱ፤ «እናያለን» ብለው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። «እናያለን» ምን እንደሆነ በዕድሜዬ አውቃለሁ። ልጆቹ ሁሉ ዕቃቸውን አስረው ነበር፤ ያን ሌሊት ማንም አልፈታም።

ሰኞ ጠዋት የጭነት መኪና መጣ። አሠልጣኟ ቢሮ ደወለች፤ የሚያነሳ የለም። እኔ የማደሪያው በር ላይ ቆምሁ።

«አባባ፣ ያሳልፉኝ፤ አልጋ ልጭን ነው» አለ የጭነት መኪናው ሾፌር።

«ሁሉንም?»

«ግማሹን ነው የተባልሁት።»

«ልጆቹስ?»

«ስለ ልጅ የነገረኝ የለም። እኔ ስለ አልጋ ነው የመጣሁት።»

ስለ ልጅ ካልተነገረ ልጅ አይሄድም። ይህን የፈረድሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ የሚፈርድ ስላልነበረ። ግማሹ አልጋ ወጣ፤ ልጆቹ ራስና እግር ሆነው በአንድ አልጋ ሁለት ሁለት መተኛት ጀመሩ። የአንበሳሜዋ ልጅ በማግስቱ ክስ ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ አብራኝ የምትተኛዋ ስትተኛ ትረግጠኛለች።»

«በምት ነው የምትረግጥሽ?»

«አይ። ምት የላትም።»

«እንግዲያው ለአሠልጣኟ ንገሪ፤ ይህ የእኔ ክፍል አይደለም።»

ሳቀች። ብርድ ልብሷ ግን አሁንም በገመድ የታሰረ ነው፤ ማታ ፈትታው ጠዋት መልሳ ታስረዋለች። ፈተናዋ ገና ነው። ከቢሮ ቆዩ ያለን የለም፣ ሂዱም ያለን የለም፤ ስንደውል ስብሰባ ላይ ናቸው ይሉናል። መኪና በአጥሩ ሲያልፍ ነፊዎቹ ሁሉ ጆሯቸውን ያቆማሉ፤ ዜማው ይሳሳና መኪናው ሲርቅ ይመለሳል። እኔ ጠዋት ከዘንዘልማ እመጣና ወንበሬን የማደሪያው በር መሃል ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ። በሩ ሰፊ አይደለም። ሌላ የሚጫን ነገር ካለ መጀመሪያ እኔን ከነወንበሬ ማንሳት አለባቸው፤ እኔ ደግሞ ቀላል ሰው አይደለሁም።