ያልነበረው ጄሬ

እዚህ ዛምቢያ፣ ካብዌ ከተማ ገበያ ውስጥ የሙሶንዳ ልብስ ስፌት ከእኔ የቲማቲም መደብ ጎን ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከሰው ጋር ብዙም አታወራም ነበር። አንድ ጠዋት ግን ስልኳን ይዛ ብቻዋን ስትንከተከት ሰማኋት።

«ምን አገኘሽ ደግሞ?» አልኳት።

«አንድ የማላውቀው ንጎኒ ነው፤ ጄሬ የሚሉት፣ የቺፓታ ሰው። ‹አንቺ ጦጣ በሊታ፣ ነግቷል ተነሺ› ብሎ ጻፈልኝ።»

እኛ የቤምባና የንጎኒ ነገዶች ጥንት ተዋግተን ስንታረቅ፣ መሰዳደቡን ለልጅ ልጆቻችን አወረስን። ንጎኒ ለቅሶ ቤት መጥቶ ሬሳውን ሳይቀር ቢሰድብ የሚቆጣው የለም። የሚሰድብህ ዘመድህ ነው፤ ቢለምንህም እየሰደብክ ትሰጠዋለህ። ስለዚህ ሙሶንዳ ሰውየውን ከነጭራሹ አልጠረጠረችውም። «አንተ አይጥ በሊታ፣ ቁርስህን አባረህ ያዝከው?» ብላ መለሰችለት፤ በዚያው ቀጠሉ።

ውሎ አድሮ ስድቡ ወደ ፍቅር ዞረ። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ? የንሺማ ገንፎሽን በላሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ?» ይላታል። ፊቷ ፈካ፤ በዚህ ዕድሜዋ ጥፍሯን መቀባት ጀመረች። እንገናኝ ስትለው ግን ሰበብ አያጣም፤ ሁልጊዜ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ነው። ከዚያ ታመምኩ፣ ሆስፒታል ተኛሁ አለ። ሙሶንዳ የስፌት መኪናዋን ሸጣ ገንዘቡን ላከችለት።

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል?»

«እምቢ ብለውማ፣ ቤምባ ቆንቋና ነው እያለ አገር ላገር ሊያወራብኝ ነው» ብላ ሳቀች።

ገንዘቡ በደረሰው ማግስት ጄሬ ድምፁ ጠፋ።

ገበያተኛው ሁሉ የሚያንገበግባት መኪናዋ ይመስለው ነበር። እኔም እንደዚያው። አንድ ቀን ባዶ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ የድሮ መልእክቶቹን ስታነብ አየኋትና ደሜ ፈላ፤ ስልኩን ልቀማት እጄን ዘረጋሁ።

«ተይኝ» አለችኝ። «ሌባ መሆኑን አጥቼው አይደለም። ግን ናፈቀኝ። ስነቃ እጄ አሁንም ወደ ስልኩ ነው የሚሄደው። አንቺ እንዴት አደርሽ የሚልሽ ባል አለሽ፤ እኔ ማን አለኝ?»

እጄን ሰብስቤ ወደ ቲማቲሜ ተመለስኩ።

የዝናቡ ወራት ካለፈ በኋላ ፖሊስ ጠራት። ያጭበረበሯት ሰዎች ተይዘው፣ ስልካቸው ላይ ቁጥሯ ተገኝቶ ኖሯል። አዲሱን ቺቴንጌዋን አገልድማ፣ ሽቶ ተቀብታ መጣች።

«ለሌባ ነው እንዲህ የምትኳኳይው?» አልኳት። እየተነጫነጭኩ አብሬያት ሄድኩ።

ጣቢያው ውስጥ ሦስት ጎረምሶች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ የትልቁ እንኳ ጢም በቅጡ አልበቀለም። ለእኔ ቢሰጡኝ ጥርሳቸውን ባረገፍኩት። ፖሊሱ፣ «እማማ፣ የሚጠይቋቸው ነገር ካለ ይጠይቋቸው» አላት።

ሙሶንዳ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች። ስለ መኪናዋ የምትጠይቅ መስሎኝ ነበር።

«ጠዋት ጠዋት እንዴት አደርሽ ይለኝ የነበረው የትኛችሁ ነው?»

ሁለቱ አቀረቀሩ። ሦስተኛው አንገቱን አከከ።

«በተራ ነበር እማማ። ቀድሞ የነቃ ይጽፋል።»

ፖሊሱ ለማስረጃ ስልኳን ሲጠይቃት ሳታንገራግር ሰጠችው። በሩ ጋ ስንደርስ ግን ክንዴን ይዛ ቆመች።

«አንድ ሰው ቢሆን እኮ» አለችኝ፣ «ሌባም ቢሆን እሱን እናፍቅ ነበር። አሁን ማንን ልናፍቅ?»