ለድመት የሰጠሁት ሩዝ

የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። አረብኛ ማንበብ የተማርኩት ከመድኃኒት ካርቶንና ከሱቅ ሰሌዳ ላይ ነው። ጅዳ፣ ሂንዳዊያ ሰፈር፣ ለወሎ ልጆች የመኖሪያ ፈቃዳቸውን፣ ኢቃማቸውን፣ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። የዓለምን ካርታም ሳላይ መሳል እችላለሁ። ጉራ አይደለም፤ እውነት ነው።

ልብስ የምተኩስበትን እጥበት ቤት የሚያስተዳድረው ግብፃዊ ነበር። በ2006 ዓ.ም. የስደተኞች አፈሳ ሲጀመር ኢቃማዬ በሌላ ከፊል፣ ማለትም በሌላ ዋስ አሠሪ፣ ስም ነበር። ከተያዝኩ አሻራ ሰጥቼ፣ ተመልሼ እንዳልገባ ታግጄ መባረር ነው፤ መካ የተቀበረችውን የባለቤቴን መቃብር ዳግም አላይም። ከፊሌ ከጉዞ ተመልሶ ወረቀቴን እስኪያስተካክል አንድ ሳምንት መደበቅ ነበረብኝ። ግብፃዊውን መጋዘኑ ውስጥ እንዲያሳድረኝ ለመንኩት።

«እናንተ አፍሪካውያን መቼም ከችግር ጋር ነው የምትመጡት» አለኝ።

በልብስ ምልክት ማድረጊያው ጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ካርታ ሳልኩ። «ካይሮ የት ናት? አፍሪካ ውስጥ አይደለችም?»

«እሱ ካርታ ላይ ነው፣ ያ ሐጅ። እኛ ሰሜኖቹ እናስባለን፤ እናንተ ደቡቦቹ ትሸከማላችሁ። ኸላስ!»

ካርታዬን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገው፤ መጋዘኑንም ከለከለኝ። አንገሸገሸኝ።

ፍተሻውን ለማለፍ ራሴ የተኮስኩትን ኢህራም፣ የተጓዦቹን ነጭ ልብስ፣ ለብሼ ከዑምራ ተጓዦች ጋር ተሳፈርኩ። መካ ዑምራዬን ፈጽሜ አራት የአገሬ ልጆች ወደተከራዩበት ክፍል፣ ኮረብታው ላይ ወዳለው የነካሳ ሰፈር ወጣሁ። ከግድግዳው ማዶ አንዲት ተክሩኒ ባልቴት ከልጅ ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ተክሩኒ የሚሏቸው እንደ እሷ አያቶች ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከሰሃራ በስተደቡብ፣ ለሐጅ መጥተው እዚያው የቀሩትን ነው። እንግዳ መጣ ብላ ሩዝ በትሪ ላከችልኝ።

«አባባ፣ እንዳይነኩት!» አለኝ አንደኛው የአገሬ ልጅ። «ተክሩኒ ድግምተኛ ነው።»

«ሰውም ይበላሉ አሉ» አለ ሌላው። ተሳሳቁ።

«እኛ ሐበሾች እንደነሱ አይደለንም» አልኩ እኔም፣ ካርታ የምስለው ሰውዬ። ሩዙን ለድመት ደፋሁት። ሦስት ቀን ላከች፤ ሦስት ቀን ደፋሁ።

በአራተኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ወታደሮች ከታች ከቅያሱ ሲገቡ ባልቴቷ እየሮጠች መጣች። «ያላ፣ ሁላችሁም እኔ ቤት ግቡ! ዘመዶቼ ናቸው እላለሁ።»

«ከተክሩኒ ቤት እስር ቤት ይሻለኛል» አለ የመጀመሪያው ልጅ።

«ተነሱ እንጂ!» ብዬ ጮህኩ።

«አባባ፣ እንደነሱ አይደለንም ያሉት እርስዎ አይደሉ?»

ብቻዬን ገባሁ።

ከልጅ ልጆቿ መሃል፣ ከምሳው ትሪ ፊት አስቀመጠችኝ። አንድ ወታደር በሩ ላይ ቆሞ «ይሄስ?» አላት።

«የሟች ባሌ ወንድም ነው።»

ወታደሩ እጄን ያያል። ከዚያው ትሪ ዘግኜ ጎረስኩ።

«ሁላችሁም ያው ናችሁ፣ አፍሪካውያን» አለና አፍንጫውን ይዞ ወጣ። ወዲያው የአገሬ ልጆች ክፍል በር ሲሰበርና አንዱ «አባባ!» እያለ ሲጣራ ሰማሁ። አቤት አላልኩም።

እጄ ትሪው ላይ ቀረ። ድመቷ ደጃፉ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ሦስት ቀን ሩዜን ያበላሃት ናት» አለችኝ ባልቴቷ፤ ትሪውንም ወደኔ ገፋ አደረገችው።